ከዚሩ ሥር የተቀመጠው ወይን ጠጅ

አሁን የምሠራው ጎንደር፣ በአንድ የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ነው። በገባሁ ሰሞን አንድ ቀን የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ አንገቱን ይዤ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አድርጌ፣ ከሥሩ የዘቀጠ ነገር እንዳለ እመለከት ነበር። ከዚያ አውራ ጣቴን ክዳኑ ላይ አሳርፌ ጫን አልሁት። አለቃዬ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆይተዋል ለካ።

«ወንድሜ፣» አሉኝ፣ «እሱ እኮ ነቅንቀው የሚጠጡት ነው። ምኑን ትመርጠዋለህ?»

መጋዘኑ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እጄ የለመደውን ነው የሠራው። እስከ ዘንድሮ ድረስ ሸሕዲና መተማ ላይ የመጠጥ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርሁ። ጎልማሳነቴን የጀመርሁት እዚያ ነው፤ ሥራ የሚባለውንም ያየሁት እዚያ ነው።

ስለዚያ ሥራ ልጽፍ ተነሥቻለሁ። መጻፍ ብዙ አይሆንልኝም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የጻፍሁት የገቢና የወጪ ካርድ ብቻ ነው። ደግሞም ሥራው በእውነቱ የእኔ አልነበረም። የታላቅ ወንድሜ የጋሼ አያሌው ነው። ነበር ማለት አለብኝ፤ ባለፈው ክረምት ሞቷል። «ነበር» ማለትን ገና ስላልለመድሁ አንዳንድ ቦታ ብስት አንባቢ ይለፈኝ።

ጋሼ ሲሞት ያልጨረሰው አንድ ነገር ነበር። ለሚስቱ ለእትዬ ዝማም፣ በሠርጋቸው ቀን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ቃል ገብቶላታል። በተጋቡ በአሥረኛው ዓመት፣ በተጋቡበት ዓመት የተሠራ ወይን ጠጅ መርጦ ሊያጠጣት። አሥረኛው ዓመት በዚህ ጥር ሞላ። ጠርሙሶቹ አሉ፣ መራጩ የለም። መምረጡ በእኔ ላይ ወደቀ። እንዴት እንደመረጥሁ ለመናገር፣ መጀመሪያ እንዴት እንደተማርነው መናገር አለብኝ።

ጋሼ ወይን ጠጅ ያወቀው ጎንደር፣ ሙሴ ያኒ በሚባሉ ግሪካዊ ነጋዴ ግሮሰሪ ተቀጥሮ ነው። መጀመሪያ ወለል ጠራጊ፣ ቀጥሎ ጠርሙስ ደርዳሪ፣ በኋላ ሻጭ ሆነ። ሙሴ ያኒ ሠራተኛ የሚያስተምሩት በመቆጣት ነበር አሉ። የወይን ጠጅ ጠርሙስ ቆሞ ካገኙ፣ «ወታደር ነው እንዴ የምታቆመው? አስተኛው!» ይሉት ነበር። ጠርሙሱ ሲተኛ ቡሹ እንደረጠበ ይቆያል። ሲቆም ቡሹ ይደርቃል፣ ይሸሻል፣ አየር ይገባል፣ ወይን ጠጁም ኮምጣጤ ይሆናል። ጋሼ የተማረው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። እኔም የተማርሁት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

ደርግ ሲመጣ ግሮሰሪው ተወረሰ። ሙሴ ያኒ ወደ አገራቸው ሄዱ። ጋሼ፣ «እኔን ከነዕቃው ነው የተረከቡኝ» እያለ ይቀልድ ነበር። ጥቂት ቆይተው ሸሕዲ ላይ ላለ የመንግሥት ሆቴል የመጠጥ ግምጃ ቤት ኃላፊ አድርገው ሾሙት። ከሙሴ ያኒ ግሮሰሪ የተረፉ ያረጁ ሳጥኖችም አብረውት በጭነት መኪና ቆላ ወረዱ። ጎንደር ላይ ምን እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው አልቀረም ነበርና።

እኔ ማትሪክ ተፈትኜ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር ጠራኝ። ከአውቶቡስ ወርጄ፣ ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቆ፣ ግምጃ ቤቱ በር ላይ ስደርስ ደህና ገባህ እንኳ አላለኝም። ጠርሙስ ሰጠኝ።

«ምን ይታይሃል?»

«ወይን ጠጅ» አልሁት።

«እሱንማ ወረቀቱም ይናገራል። ወደ በሩ ዙርና ዘንበል አድርገህ እየው።»

ዘንበል አድርጌ አየሁት። ከሥሩ እንደ ጭቃ ያለ ነገር ተንቀሳቀሰ። ተበላሽቷል አልሁት። ሳቀ። «አተላው ነው፤ እንደ ጠላ አተላ። ዕድሜውን የሚናገረው እሱ ነው። የጠራውን ብቻ የሚወድ ሰው ሎሚናት ይጠጣ።» ከዚያ በኋላ ነው አቅፎ የሳመኝ።

ግምጃ ቤቱ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። በሸሕዲ ፀሐይ የቆርቆሮ ጣሪያ ምን ማለት እንደሆነ እዚያ የኖረ ያውቃል። ጋሼ ከቆርቆሮው ሥር የሰሊጥ አገዳ አነጠፈበት፤ መሬቱን አሸዋ አልብሶ ጠዋት ጠዋት ውሃ ያርከፈክፍበት ነበር። በበሩ ላይ የረጠበ ጆንያ ይሰቅላል። ነፋሱ በጆንያው ሲያልፍ ቀዝቀዝ ይላል። ሰው ከውጭ ሲገባ፣ «ኧረ እዚህ ጎንደር ነው!» ይል ነበር። በምሳ ሰዓት የሆቴሉ ሠራተኛ ሁሉ ሰበብ እየፈለገ ይመጣብን ነበር።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ፈንታሁን መልካም ሰው ነበሩ፤ ግን ሁሉንም ነገር በጋዝ የሚሠራው ፍሪጅ ውስጥ ካልከተቱ አያርፉም። አንድ ጊዜ ቀዩን ወይን ጠጅ በሙሉ ከቢራው ጋር አስገቡት።

«ጓድ አያሌው፣» አሉት፣ «ሰፊው ሕዝብ ቀዝቃዛ ነው የሚፈልገው።»

«ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣» አለ ጋሼ፣ «ሕዝቡስ ይፈልግ። ወይን ጠጁ ግን አልተጠየቀም።»

አቶ ፈንታሁን ስቀው ሄዱ። ወይን ጠጁ ግን ፍሪጁ ውስጥ ቀረ። ጋሼ ማታ ማታ እያወጣ፣ ጠዋት ጠዋት እየመለሰ አንድ ወር ሙሉ ደብቆ አኖረው።

እውነቱን ለመናገር ሸሕዲ ላይ ወይን ጠጅ የሚጠጣው ጥቂት ሰው ነው። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ከጎጃምና ከወሎ የሚወርደው ሠራተኛ ቢራ ወይም አረቄ ነው የሚለው። ወይን ጠጅ የሚፈለገው ለስጦታ ነበር። ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ አስተማሪ ሲዛወር፣ የፖሊስ አዛዥ ሲሾም። ስለዚህ የጋሼ ሥራ መሸጥ ብቻ ሳይሆን መምረጥም ሆነ። ጠርሙሱን ከመንካቱ በፊት «ለማን ነው?» ይላል። የሚጠጣው ሰው ምን እንደሚበላ፣ ጣፋጭ ይወድ እንደሆነ፣ ቤቱ ሩቅ እንደሆነ ይጠይቃል።

አንድ ጎጃሜ አጫጅ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል መጣ።

«ጌታው፣ አማቴን የሚያስደስት አንድ ጠርሙስ ይስጡኝ።»

«አማትህ ምን ይጠጣሉ?»

«ያገኙትን።»

«ደስ ሲላቸውስ?»

«ያኔም ያገኙትን ነው፤ ብቻ ይበዛል።»

«ቤታቸው ቡሽ መንቀያ አለ?»

«ምንድን ነው እሱ?»

ጋሼ የመረጠውን ጠርሙስ መልሶ አስተኛና ክዳኑ በእጅ የሚዞር አንድ ሌላ አመጣለት። «ይኼን ውሰድላቸው። ያኛውን ብትወስድ አንገቱን ሰብረው ነው የሚከፍቱት፤ የተናደዱ እንደሆን ያንተንም ይጨምሩበታል።»

አጫጁ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ መጣ። «አማቴ ሌላ ሴት ልጅ አለችኝ ብለውኛል» አለ።

አመራረጡን ልንገር። ጠርሙሱን ካስተኛበት ሳያናውጥ ያነሣዋል፤ ከተናወጠ አተላው ይደፈርሳልና። አንገቱ ላይ ወይን ጠጁ የት ድረስ እንደደረሰ ያያል። እስከ ቡሹ ከተጠጋ ደህና፤ ወደ ትከሻው ከወረደ ቡሹ አሳልፏል ማለት ነው። ቡሹን በአውራ ጣቱ ጫን ይላል። ከሰመጠ ይተወዋል፤ ወደ ላይ ከተነፋም ሙቀት መቶታል ማለት ነው። ያሸተዋል። ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ ብርሃኑን ያያል፤ የአሮጌ ቀይ ወይን ጠጅ ዳር ዳሩ እንደ ጡብ ይሆናል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አይናገርም። ፊቱ ይኮሳተራል፣ ቅንድቡ ይገጥማል፣ ከንፈሩ ይጠበባል። መጨረሻ ላይ ብቻ፣ ፍርድ እንደሚሰጥ ዳኛ፣ «ይኼ ነው» ይላል። ያን ፊቱን ሳስታውስ አሁንም ሳቄ ይመጣል። እትዬ ዝማም ያኔ ገና እጮኛው ነበረች፤ ከሆቴሉ ፊት ለፊት ልብስ ትሰፋለች። በመስኮቷ ታየውና፣ «ጳጳስ እየሾመ ነው ዝም በሉ!» ትል ነበር።

ሲቀዳም የመጨረሻውን አንድ ጣት ያህል ጠርሙሱ ውስጥ ይተወዋል። «አተላው የጠርሙሱ ድርሻ ነው» ይላል።

አሁን ወደ ክፉው ቀን ልምጣ። ክፉ ስል ማንም አልሞተም፤ ሲያወሩት እንዲያውም ያስቃል። ለጋሼ ግን ክፉ ነበር።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ድሬሰር ጌታሁን ነበሩ። ከተማው «ዶክተር» ነው የሚላቸው፤ እሳቸውም አልፎ አልፎ ብቻ ያርማሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አበባ እዚያው ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ናቸው። ድሬሰሩ ጎንደር ሆስፒታል ከፈረንጅ ሐኪሞች ጋር ሲሠሩ የጋብቻ ቀን በየዓመቱ እንደሚከበር አይተዋል። አንድ ቀን ግምጃ ቤታችን መጡና በሩን ዘጉ።

«አያሌው፣ አበባን ካገባሁ አሥራ አምስተኛ ዓመቴ ነው። ሐኪሞቹ የሚያደርጉትን ላደርግላት እፈልጋለሁ። በተጋባንበት ዓመት የተሠራ ወይን ጠጅ ይገኛል?»

«መቼ ነው የተጋባችሁ?»

«ሃምሳ አምስት።»

የጋሼ ዐይን በራ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከሙሴ ያኒ ወዲህ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ያረጁትን ሳጥኖች አወረድን። አቧራቸውን ጠረግን። ጠርሙሶቹ ላይ የተለጠፈው ወረቀት አንዳንዱ በምስጥ ተበልቷል። በመጨረሻ ሃምሳ አምስት የሚል ቁጥር ያለባቸው ሦስት ቀይ ወይን ጠጆች አገኘን። አንደኛው ወደ ትከሻው ወርዷል። የሁለተኛው ቡሽ ሰመጠ። ሦስተኛውን ጋሼ በሩ ላይ ይዞት ቆመ፤ ቆመ፤ እኔ እግሬን ደከመኝ። «ይኼ ነው» አለ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ግብዣው በድሬሰሩ ግቢ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ነበር። ፍየል ታርዷል፤ አስተማሪዎቹ፣ አቶ ፈንታሁን፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተጠርቷል። ጋሼና እኔም ተጋብዘናል። ድሬሰሩ ጠርሙሱን እንደ ሕፃን ታቅፈው ተነሡ።

«ወዳጆቼ፣ ይህ ወይን ጠጅ የትዳራችን እኩያ ነው። እኔና አበባ ስንጋባ ይህም ተጠመቀ። እነሆ ዓመቱ እዚህ ላይ...»

ጣታቸው ወረቀቱ ላይ ቆመ። ሰው እንባ የተናነቃቸው መስሎት አጨበጨበ። እሳቸው ግን እየሰሉ ነበር። ድሬሰሩ በየቀኑ የመድኃኒት ማብቂያ ጊዜ የሚያነቡ ሰው ናቸው፤ የፈረንጅ ዓመት ከእኛ በሰባት በስምንት ዓመት እንደሚቀድም እጃቸው ያውቀዋል።

«ይኼ የፈረንጅ ቁጥር ነው እኮ» አሉ ቀስ ብለው።

ወይዘሮ አበባ ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። «የፈረንጅ ሃምሳ አምስት... የእኛ አርባ ሰባት አይደል?» አሉ። ከዚያ አፋቸውን ያዙ። «ውይ! ያን ጊዜማ ያገባሁት ሌላ ሰው ነው!»

እውነት ነበር። ወላጆቻቸው በአፍላነታቸው አብርሃ ጅራ ላለ አንድ ሰው ድረዋቸው፣ አንድ ክረምት ሳይሞላ እሳቸው ጥለውት ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ግቢው በሳቅ ተናወጠ።

«በሉ ለአብርሃ ጅራው ሰውዬ ላኩለት!» አሉ ወይዘሮ አበባ፣ እንባቸውን እየጠረጉ። «ባያምርበትም ድርሻው ነው!»

ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። ድሬሰር ጌታሁንና ጋሼ።

በማግሥቱ ድሬሰሩ ጠርሙሱን ሳይከፈት መልሰው አመጡት። ጠረጴዛው ላይ አቆሙት። አቆሙት ነው የምላችሁ፤ ጋሼ እንኳ አላስተኛውም።

«ጓድ አያሌው፣» አሉ፣ «ሰው ፊት አዋረድኸኝ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ «አያሌው» ነበር የሚሉት። «ጓድ» ሲባል ወንድሜ ፊቱ እንዴት እንደጠቆረ አልረሳም። ከዚያ ወዲያ ድሬሰሩ ሆቴሉ በር ላይ አልፈውም አያውቁም፤ በሌላ መንገድ ይዞሩ ነበር።

ጋሼ የፈረንጅን ዘመን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ሙሴ ያኒ ዘንድ ቁጥሩ የሚነበበው ይኼ ከዚያኛው ያረጃል ለማለት ብቻ ነበር። ከሰው ሠርግ ጋር ተመዛዝኖ አያውቅም። «ቡሹን አየሁ፣ አንገቱን አየሁ፣ አተላውን አየሁ፣» አለኝ ማታ፣ «ዘመኑ የማን እንደሆነ ግን ሳልጠይቅ ቀረሁ።» ብዙ ቀን ምሳ አልበላም። ከዚያ በኋላ ስጦታ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ፣ «ለማን ነው?» ካለ በኋላ፣ «በማን ዘመን?» ማለት ጀመረ። ከበሬ ገበያ የመጣ ገበሬ ይህን ሲባል፣ «በደርግ ዘመን ነዋ!» አለው።

ያን የተመለሰ ጠርሙስ ጋሼ ለራሱ አስቀረው። በሚቀጥለው ጥር ዝማምን ሲያገባ፣ ድሬሰሩን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ጠራቸው። መጡ፤ ወይዘሮ አበባ ናቸው የጎተቷቸው ይባላል። ጋሼ ሙሽራ ሆኖ፣ ከነካባው ቆሞ፣ ያን ጠርሙስ ራሱ ከፍቶ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለድሬሰሩ ሰጣቸው። ድሬሰሩ ቀመሱ። ደገሙ።

«ለካ ጥሩ ነበር» አሉ።

«ለአብርሃ ጅራው ሰውዬ ጤና!» አሉ ወይዘሮ አበባ። በዚያ ጊዜ ድሬሰሩም ሳቁ።

ቃሉን የገባው ያኔ ነው። ጋሼ በዚያው ዓመት የተሞላ የአገር ውስጥ ቀይ ወይን ጠጅ አወጣና ወረቀቱን መጀመሪያ ለድሬሰሩ አሳየ። «በእኛ ዘመን አቆጣጠር!» አለ፣ ጮክ ብሎ። «የሌላ ሰው ዓመት መፈለግ ይብቃኝ። የራሴን ዓመት አስቀምጣለሁ። ዝማም፣ በአሥረኛው ዓመት ይኼን መርጬ አጠጣሻለሁ።»

«አንድ ጠርሙስ ብቻ ከሆነ ምኑን ትመርጣለህ?» አለች ዝማም።

ሰው ሳቀ። ጋሼ ግን ነገሩን አክብሮ ያዘው። በኋለኞቹ ዓመታት ደህና ሳጥን ሲገባ ሌሎች ሦስት ጠርሙሶች ጨመረበት፤ «አሁን መምረጥ ይቻላል» አለ።

ያስቀመጣቸው ከዚሩ ሥር ነው። ሱዳኖች ዚር የሚሉት ትልቁ የሸክላ የውሃ ማኖሪያ ነው፤ በየቆላው ቤት አለ። በብረት እግር ላይ ይቀመጣል፣ ሸክላው ያልበዋል፣ ቀንና ሌሊት ከሥሩ ይንጠባጠባል። በሸሕዲ ቤት ውስጥ በጋ ከክረምት የማይሞቅ መሬት ያ ብቻ ነው። ጋሼ እዚያ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ በአሸዋ ላይ ጠርሙሶቹን አስተኝቶ፣ መልሶ አሸዋ አለበሳቸው። ወረቀቶቹ በእርጥበቱ እንደሚበሰብሱ ነገርሁት። «ወረቀት ከዚህ በፊት ምን እንዳደረገኝ አይተሃል» አለኝ።

አንድ ጊዜ፣ ከጋብቻቸው ጥቂት ቆይቶ፣ ጎንደር ዕቃ ሊያመጣ ሄዶ ሲመለስ አብሬው ነበርሁ። ቤት ስንገባ ዚሩ ዘመም ብሏል። ጋሼ ትንሽ ተመለከተው። ምንም ሳይናገር አቃናው፣ አሸዋውን በእግሩ ረገጥ ረገጥ አደረገና ምሳ ጠየቀ።

በኋላ እኔን መተማ ወዳለው ቅርንጫፍ አዛወሩኝ። እዚያ የራሴ ግምጃ ቤት ነበረኝ። ሱዳኖቹ በእነሱ በኩል መጠጥ ከተከለከለ ወዲህ ጀላቢያቸውን ሰብስበው ወደ እኛ ይሻገሩ ነበር። ዑስማን የሚባል የሰሊጥ ነጋዴ፣ ለረጅም ዘመን የንግድ ሸሪኩ ለሆነ ኢትዮጵያዊ ስጦታ ፈለገ። ሸሪኩ ስኳር በሻይ ሳይሆን ሻይ በስኳር የሚጠጣ ሰው ነው አለኝ። ጣፋጩን መረጥሁለት። ጋሼ በዚያ ቀን ሊጎበኘኝ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ነበር። ዑስማን በዐረብኛ «ተማም!»፣ ልክ ነው፣ ብሎ ሲወጣ፣ ጋሼ፣ «ፊትህ ቀረ» አለኝ። «ምርጫው ደህና ነው። ፊትህን ግን ኮስተር አድርግ። ሰው ስጦታ ሲገዛ አንድ ሰው እንደተጨነቀለት ማየት አለበት።»

ባለፈው ክረምት ወባ ያዘው። ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ ይዞት ለቆታል፤ ይሄኛው አልለቀቀውም። ድሬሰር ጌታሁን ከአልጋው ራስ አልተለዩም። ከመተማ ስደርስ ዐውቆኝ ፈገግ አለ።

«ታከለ፣ ጥር ሲመጣ ዝማምን አደራ። አንተ ትመርጥላታለህ።»

«አንተው ትመርጣለህ» አልሁት።

«አትቸኩል። ሁሉንም እያቸው። ፊትህን ኮስተር አድርግ፤ ዝማም ደስ ይላታል።»

ይህን ብሎ ሳቀ። ለምን እንደሳቀ አልገባኝም። ትኩሳቱ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ስለዚያ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ሥራውን የተውሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ግምጃ ቤቱ ውስጥ ጠርሙስ ባነሣሁ ቁጥር ወደ በሩ ዞሬ አያለሁ፤ ማንም የለም። የመድኃኒት መጋዘኑን ሥራ ያፈላለጉልኝ ድሬሰሩ ናቸው። ጥር ሲደርስ ፈቃድ ጠየቅሁና ሸሕዲ ወረድሁ።

ዝማም ጥቁሯን እንደለበሰች ተቀበለችኝ። ወይዘሮ አበባ አብረዋት ነበሩ። ሦስታችን ዚሩን አንሥተን ወደ ጎን አደረግነው። አሸዋውን በእጄ ገለጥሁ። ቀዝቃዛ ነበር። አራቱ ጠርሙሶች ተኝተዋል፤ ወረቀታቸው በስብሶ አልቋል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው።

ይህን አንድ ነገር ከተሳሳትሁ የወንድሜ ቃል መሬት ይወድቃል ብዬ ሰግቼአለሁ። አንድ በአንድ ሳላናውጥ አወጣኋቸው። አንዱ ወደ ትከሻው ወርዷል፤ ለይቼ አስቀመጥሁት። የአንዱ ቡሽ ሰመጠ። ሁለት ቀሩ። በሩ ላይ ቆምሁ። የጠዋት ፀሐይ ነው። ዘንበል አደረግሁ፤ አንደኛው አተላው የበዛ ነው፣ ዳሩም እንደ ጡብ ሆኗል። ሁለተኛው ገና ቀይ ነው። መልሼ አየሁ። አሸተትሁ። ከኋላዬ ሁለቱ ሴቶች ትንፋሻቸውን ውጠዋል። ፊቴን ኮስተር እንዳደረግሁ ወደ ዝማም ዞርሁ።

«ይኼ ነው» አልሁ። «የሠርጋችሁ ዓመት።»

ዝማም ፊቴን አየች። ከዚያ በሳቅ ፈነዳች። ወይዘሮ አበባም ተከተሉ። ዝማም ግድግዳውን ይዛ ሳቀች፤ ተቀምጣ ሳቀች፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ሳቀች። ከክረምት ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም። እኔ ጠርሙሱን ይዤ በሩ ላይ እንደ ሞኝ ቆሜአለሁ።

«ምነው እትዬ?»

«ጠጥተነዋል!» አለች። «የሠርጉን ዓመት ጠጥተነዋል!»

ነገሩ እንዲህ ነው። በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት፣ ጋሼ ጎንደር ዕቃ ሊያመጣ በሄደ ጊዜ፣ ወይዘሮ አበባ መጥተው፣ «የእኔን ዓመት ያበላሸ ሰው የራሱን ቀብሮ ይኖራል? አውጪውና እንቅመሰው!» አሏት። አውጥተው ጠጡት። በምትኩ ከሆቴሉ ሌላ ገዝተው ቀበሩ።

«በአሥረኛው ዓመት ልነግረው ነበር» አለች ዝማም። ሳቋ ወደ ሌላ ነገር እየተለወጠ ነበር። «እንደዚያ ቅንድቡን ገጥሞ፣ አሽትቶ፣ ‹ይኼ ነው› ሲለኝ... ያንን ፊት ለማየት ነው ይኼን ሁሉ ዓመት አፌን የያዝሁት። አሁን አንተ አመጣኸው።»

ወይዘሮ አበባ ጀርባዋን ደገፉ። እኔም ተቀመጥሁ። ከዚያ የጋሼ ሳቅ ትዝ አለኝ።

«እትዬ፣ ሊሞት ሲል ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ፊትህን ኮስተር አድርግ፤ ዝማም ደስ ይላታል› ነው ያለኝ። ከጎንደር የተመለስን ቀን ደግሞ ዚሩን ዘመም ብሎ አገኘው። አቃናውና ዝም አለ።»

ዝማም ቀና አለች። ወይዘሮ አበባን አየቻቸው።

«ብዬሽ ነበር እኮ፣» አሉ ወይዘሮ አበባ፣ «አዘንብለን ነው የተውነው ብዬሽ ነበር።»

ዝማም ወደ ባዶው ጉድጓድ ዞረች። «አንተ ሌባ!» አለች። ለእኔ አልነበረም። እንባዋ እየወረደ ፈገግ ብላለች።

የመረጥሁትን ከፈትሁት። የየትኛው ዓመት እንደሆነ አላውቅም። ትንሽ ጎምዘዝ ይላል፤ ግን ጥሩ ነበር። ወይዘሮ አበባ ለአብርሃ ጅራው ሰውዬ ጤና ብለው ጠጡ። ዝማም ሁለት ብርጭቆ ጠጣች። የመጨረሻውን አንድ ጣት ያህል ጠርሙሱ ውስጥ ተውሁት። ዝማም ተቀበለችኝ፣ ቡሹን መልሳ ወተፈችው፣ ከሌሎቹ ሦስቱ ጋር ጉድጓዱ ውስጥ አሸዋው ላይ አስተኛችው።

ዚሩን ሦስታችን አንሥተን መለስነው። ዘመም ብሎ ቆመ። ላቃናው እጄን ስሰድ፣

«ተወው» አለችኝ።